ፓይተንን ለማግኘትና ለመጫን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓይተን ኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በአምስተርዳም ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ የሠራውና በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ በዳታ ትንተና፣ በድረ ገጽ ሥራና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር በስፋት ያገለግላል። ቋንቋውን ለመማር የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በትምህርቱ ሳይሆን ገና በመጫኑ ላይ ነው፤ ከታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች የተዘጋጁትም ይህን የመጀመሪያ እንቅፋት ለማንሣት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓይተን በእርግጥ ያለ ክፍያ ይገኛል? ለንግድ ሥራስ ልጠቀምበት እችላለሁ?

አዎን፣ ለሁለቱም። የቋንቋው መብት በ2001 በተቋቋመው፣ ለትርፍ በማይሠራው የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እጅ ሲሆን፣ ፈቃዱ ማንኛውም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲገለብጠው፣ እንዲያሻሽለው፣ ለሌላ እንዲሰጠውና በእሱ የሠራውን ፕሮግራም እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ የሚገዛ ቁልፍ የለም፤ የሚሰበር ቁልፍም የለም። «ክራክ የተደረገ ፓይተን» የሚል ነገር ካገኙ ሳያመነቱ ይተዉት፤ ማንም የሚሰብረው ነገር ሳይኖር «ሰበርኩት» የሚል ሰው ሌላ ነገር አስገብቶበት እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ፓይተንን ከብዙ ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ካዘጋጇቸው የኮድ ስብስቦች) ጋር አንድ ላይ አድርገው የሚያቀርቡ ሌሎች ድርጅቶች የራሳቸው ውል አላቸው። ለምሳሌ አናኮንዳ ለግለሰቦች ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ከ200 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ግን በውሉ መሠረት እንዲከፍሉ ይጠየቃሉ። በትልቅ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከመጫንዎ በፊት ውሉን ያንብቡ፣ ወይም በቀጥታ ከፋውንዴሽኑ የሚገኘውን ፓይተን ይጫኑ።

ከየት ነው የማወርደው? ያወረድሁት ትክክለኛ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

ዋናው ምንጭ ፓይተን ነጥብ ኦርግ የተባለው የፋውንዴሽኑ ድረ ገጽ ነው። በኢንተርኔት መፈለጊያ ሲፈልጉ ከላይ የሚመጣው አንዳንድ ጊዜ ማስታወቂያ ስለሚሆን፣ አድራሻውን ራስዎ በአሳሹ ሳጥን ውስጥ ቢጽፉት ይሻላል። በዚያ ገጽ «ዳውንሎድስ» በሚለው ሥር ለዊንዶውስና ለማክ የተዘጋጁ የመጫኛ ፋይሎች ይገኛሉ። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን፣ ከታች እንደተብራራው፣ ከዚያ ማውረድ አያስፈልግዎትም።

በአገራችን ሶፍትዌር ከጓደኛ በፍላሽ መቀበል ወይም ከቴሌግራም ቻናል ማውረድ የተለመደ ነው። ፓይተንን በዚህ መንገድ መቀባበል በፈቃዱ አልተከለከለም፤ የሚያሠጋው ፋይሉ በመንገድ ላይ ተነካክቶ ሊሆን መቻሉ ነው። በዊንዶውስ ይህን ማጣራት ቀላል ነው። በመጫኛ ፋይሉ ላይ የማውሱን ቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ይክፈቱ፣ ከዚያም «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» ወደሚለው ክፍል ይሂዱ። ፈራሚው የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን መሆኑን ካዩና «ዲቴይልስ» ሲሉ ፊርማው ትክክል ነው የሚል መልስ ካገኙ ፋይሉ አልተነካካም ማለት ነው። ፊርማው ከሌለ፣ ወይም የሌላ ስም ከያዘ፣ ፋይሉን ሳይከፍቱ ያጥፉት።

የትኛውን ቨርዥን ልምረጥ?

ከ2020 ወዲህ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ገደማ አንድ አዲስ ቨርዥን ይወጣል፤ 3.12 በ2023፣ 3.13 በ2024፣ 3.14 በ2025 ወጥተዋል። እያንዳንዱ ቨርዥን ለአምስት ዓመት ያህል ድጋፍ ያገኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሕተቶቹ ይታረማሉ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የደኅንነት ቀዳዳዎች ብቻ ይደፈናሉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ አለ። አንድ ቨርዥን ወደ ደኅንነት ጥገና ብቻ ከተዛወረ በኋላ ፋውንዴሽኑ ለዊንዶውስና ለማክ የመጫኛ ፋይል ማዘጋጀቱን ያቆማል፤ የሚያወጣው ምንጭ ኮዱን፣ ማለትም ገና ወደሚጫን ፕሮግራም ያልተቀየረውን ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድን አሮጌ ቨርዥን የመጨረሻ እትም ገጽ ከፍተው የመጫኛ ፋይል ቢያጡ ድረ ገጹ ተበላሽቶ አይደለም፤ ወደ ኋላ እየሄዱ የመጫኛ ፋይል ያለውን እትም መፈለግ አለብዎት።

ለጀማሪ ያለኝ ምክር፣ ከሁሉ አዲስ የሆነው ቨርዥን ከወጣ ጥቂት ወራት ብቻ ከሆነው ከእሱ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ያለውን እንዲመርጥ ነው። ቋንቋውን ብቻ ለመማር አዲሱ ምንም ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን እንደ ቴንሰርፍሎው ያሉ ትልልቅ ላይብረሪዎች አዲሱን ቨርዥን ለመደገፍ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ጀማሪውም «የሚስማማ ቨርዥን አልተገኘም» የሚለውን መልእክት ሲያይ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

በአሮጌ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች የምታገኙት ፓይተን 2 ድጋፉ ጥር 1 ቀን 2020 አብቅቷል። አዲስ ተማሪ ሊጭነው የሚገባበት ምክንያት የለም።

በዊንዶውስ ላይ እንዴት እጭነዋለሁ?

የመጫኛው ፋይል መጠን ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ በትንሽ የኢንተርኔት ጥቅልም ይወርዳል። ኮምፒውተርዎ 64 ቢት ከሆነ፣ ብዙዎቹም እንደዚያ ናቸው፣ የ64 ቢቱን ይምረጡ። ፋይሉን ሲከፍቱት በመጀመሪያው መስኮት ግርጌ ፓይተንን ወደ «ፓዝ» ልጨምር ወይ የሚል ትንሽ ሳጥን ያያሉ። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ «ኢንስቶል ናው» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት ምልክት ያድርጉበት። ከአጠቃላዩ ሥራ ይህች አንዲት ሳጥን ትበልጣለች ብል ማጋነን አይሆንም። ፓዝ ማለት ዊንዶውስ አንድ ትእዛዝ ሲሰጠው ፕሮግራሙን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው፤ ፓይተን በዚያ ዝርዝር ካልገባ በሥርዓቱ ተጭኖ ሳለ ዊንዶውስ «አላውቀውም» ይልዎታል።

ተጭኖ ሲያበቃ የትእዛዝ መስኮቱን አዲስ ይክፈቱ፤ ቀድሞ የተከፈተው መስኮት የፓዝን ለውጥ ስለማያውቅ አይጠቅምም። ከዚያ በላቲን ፊደል የፓይተንን ስም ጽፈው፣ ባዶ ቦታ ትተው፣ ሁለት ሰረዝና «ቨርዥን» የሚለውን ቃል አስከትለው አስገባ ይበሉ። የቨርዥኑ ቁጥር ከመጣ ሥራው አልቋል።

ሳጥኑን ረስተው ቢያልፉትስ? መጫኛውን ደግመው ይክፈቱና «ሞዲፋይ» ብለው በሚቀጥሉት ገጾች ፓይተንን ወደ አካባቢ ተለዋዋጮች የሚጨምረውን ምርጫ ምልክት ያድርጉበት። ሁሉንም አጥፍቶ መጀመር አያስፈልግም።

ከ3.14 ጋር ደግሞ የፓይተን ኢንስቶል ማኔጀር የተባለ አዲስ መሣሪያ ቀርቧል፤ ብዙ ቨርዥኖችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማስተዳደር ለሚፈልግ ሰው ያመቻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጭን ሰው ግን የተለመደው የመጫኛ ፋይል በቂ ነው።

የፓይተንን ስም ስጽፍ የማይክሮሶፍት መደብር ይከፈትብኛል፤ ምንድን ነው?

ዊንዶውስ 10ና 11 ፓይተን ያልተጫነበት ሰው ትእዛዙን ሲጽፍ ወደ መደብራቸው የሚመራ አቋራጭ አስቀምጠዋል። አንዳንድ ጊዜ ይህ አቋራጭ ፓይተን ከተጫነ በኋላም ቀድሞ ይነሣል። በሴቲንግስ ውስጥ «አፕ ኤክስኪውሽን ኤልያስስ» የሚለውን ፈልገው በፓይተን ስም ያሉትን ሁለት አቋራጮች ያጥፏቸው። በመደብሩ ያለው ፓይተን ራሱ የፋውንዴሽኑ ስለሆነ ከዚያ ቢጭኑትም ስሕተት አይደለም፤ ግን ሁለቱንም መንገዶች አይቀላቅሉ፤ ላይብረሪ በአንዱ ጭነው በሌላው እየፈለጉ ይደክማሉ።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ ዊንዶውስ 7 ነው ያለው። ተስፋ አለኝ?

አለዎት። ዊንዶውስ 7ን የደገፈው የመጨረሻው ቨርዥን 3.8 ሲሆን፣ ከእሱም የመጫኛ ፋይል የተዘጋጀለት የመጨረሻው እትም 3.8.10 ነው። በድረ ገጹ የአሮጌ እትሞች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ ለ32 ቢትም ለ64 ቢትም አለ። ዊንዶውሱ ሰርቪስ ፓክ 1 የተጫነበት መሆን አለበት፤ ያለዚያ መጫኛው ገና ሲጀምር ያቆማል። ዊንዶውስ 8.1 ላላቸው 3.12 የመጨረሻው ነው፤ ከ3.13 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ያስፈልጋል።

3.8 የደኅንነት ጥገና ማግኘቱን በ2024 ስላቆመ፣ ከኢንተርኔት ጋር ለሚገናኝ ከባድ ሥራ አልመክረውም። የቋንቋውን መሠረት ለመማር ግን ከበቂ በላይ ነው፤ ተለዋዋጭ፣ ዑደት፣ ፈንክሽን፣ ክላስ፣ ፋይል ማንበብና መጻፍ ሁሉ በዚያው አሉ። በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ያለ ምሳሌ እምቢ ካለዎት፣ ከ3.8 በኋላ የመጣ አገባብ ተጠቅሞ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በ3.10 የመጣው «ማች» የተባለው አገባብ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ሌላው አማራጭ በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቀላል የሆነ ሊኑክስ መጫን ነው፤ ድፍረቱ ካለዎት የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል፣ አዲስ ፓይተን አብሮ ይመጣልና።

በማክ ላይስ?

አፕል ለረጅም ዓመታት ከማክ ጋር አብሮ ይሰጠው የነበረውን ፓይተን 2 በ2022 ከወጣው 12.3 እትም ጀምሮ አውጥቶታል። ከፋውንዴሽኑ ድረ ገጽ የሚገኘው የማክ መጫኛ በኢንቴልም ሆነ በአፕል ፕሮሰሰር ለሚሠሩ ማኮች አንድ ነው፤ የትኛው እንዳለዎት ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ከጫኑ በኋላ በተርሚናሉ (በማክ የትእዛዝ መስኮት) ላይ የሚጽፉት ትእዛዝ በስሙ መጨረሻ 3 ቁጥር የተጨመረበት መሆኑን ያስታውሱ።

መጫኑ ሲያበቃ በአፕሊኬሽንስ ውስጥ የፓይተን ፎልደር ይከፈታል። በውስጡ «ኢንስቶል ሰርቲፊኬትስ» የሚል ፋይል አለ፤ አንድ ጊዜ ሁለቴ ጠቅ ያድርጉት። ይህን ያላደረገ ሰው ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት መረጃ ሊያመጣ ሲሞክር የሰርቲፊኬት ስሕተት ይገጥመዋል፤ ምክንያቱንም በኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

ሊኑክስ ላይ ምን ማድረግ አለብኝ?

ምናልባት ምንም። ኡቡንቱና ዴቢያን የመሳሰሉት ከፓይተን ጋር ይመጣሉ፤ ኡቡንቱ 22.04 ከ3.10 ጋር፣ 24.04 ደግሞ ከ3.12 ጋር። ተርሚናሉን ከፍተው 3 ቁጥር ያለበትን ስም ቢጽፉ ይነሣል። ላይብረሪ የሚጭነው ፒፕ፣ የተለየ የሥራ አካባቢ የሚፈጥረው ቬንቭና አይድል የተባለው መጻፊያ ግን በእነዚህ ሊኑክሶች በየራሳቸው ጥቅል ስለተለዩ በስርጭቱ የሶፍትዌር መጫኛ ለየብቻ መጫን አለባቸው።

አደራ የምለው ነገር ቢኖር፣ ከሊኑክስ ጋር የመጣውን ፓይተን «አሮጌ ነው» ብለው እንዳያጠፉት ነው። ብዙ የሥርዓቱ መሣሪያዎች በእሱ የተጻፉ ስለሆኑ፣ እሱ ሲጠፋ ዴስክቶፑ ራሱ አብሮ ሊሄድ ይችላል። አዲስ ቨርዥን ካስፈለገዎት ነባሩን ሳይነኩ ከጎኑ ይጫኑ።

ፒፕ ላይብረሪ አልጭንም አለኝ፤ «አካባቢው በውጭ የሚተዳደር ነው» የሚል ስሕተት ያሳየኛል።

ይህ መልእክት ከዴቢያን 12ና ከኡቡንቱ 23.04 ጀምሮ የመጣ ነው፤ ዓላማውም ከላይ ያልሁትን የሥርዓቱን ፓይተን መጠበቅ ነው። መልእክቱን በግድ የሚያልፍ ትእዛዝ መኖሩን በየቦታው ሲመክሩ ያያሉ፤ አይከተሉት። ትክክለኛው መንገድ በሥራ ፎልደርዎ ውስጥ በቬንቭ አንድ የተለየ አካባቢ መፍጠር፣ እሱን ማንቃትና ላይብረሪዎቹን በውስጡ መጫን ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ አካባቢ ሲኖረው የአንዱ ላይብረሪ ቨርዥን ከሌላው ጋር አይጋጭም፤ አንዱ ቢበላሽም ፎልደሩን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር ይቻላል። ይህ ልማድ ለሊኑክስ ብቻ ሳይሆን ለዊንዶውስና ለማክም ይጠቅማል።

ኮምፒውተር የለኝም፤ በስልክ መማር እችላለሁ?

በአንድሮይድ ስልክ ይቻላል። ፓይድሮይድ 3 የተባለው አፕ ኢንተርኔት ሳይኖር ኮድ ለመጻፍና ለማስኬድ ያስችላል፤ የሠራው ግን ፋውንዴሽኑ ስላልሆነ ማስታወቂያና የሚከፈልባቸው ክፍሎች አሉት። ከተርሚናል ጋር መላመድ ለሚፈልግ ተርመክስ አለ። በአይፎን ኤ-ሼል የተባለው ያለ ክፍያ ይገኛል። ኢንተርኔቱ አስተማማኝ ከሆነ ደግሞ የጉግል ኮላብ ምንም ሳይጫን በአሳሽ ውስጥ ይሠራል፤ ከባዱን ስሌት የሚሠራው የጉግል ኮምፒውተር ስለሆነ የስልኩ አቅም ብዙም አያስጨንቅም። የስልክ መጻፊያ ቁልፎች ለኮድ አድካሚ ናቸው፤ በገመድ ወይም በብሉቱዝ የሚገናኝ ኪቦርድ ማግኘት የሚችል ሰው ትልቅ እረፍት ያገኛል።

ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ ላይብረሪዎችን እንዴት እጭናለሁ?

ለትምህርት ቤት ላብራቶሪዎች የዚህ መልስ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። ፒፕ ላይብረሪን ሳይጭን ማውረድ ብቻ የሚያስችል «ዳውንሎድ» የተባለ ትእዛዝ አለው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ይህን ትእዛዝ ከላይብረሪው ስም ጋር ሲሰጡት ላይብረሪውንና የሚደገፍባቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ሁሉ በአንድ ፎልደር ያከማቻል። ፎልደሩን በፍላሽ ወደ ላብራቶሪው ይወስዱና፣ ፒፕ ኢንተርኔት እንዳይፈልግና ከዚያ ፎልደር እንዲጭን ሁለት ምርጫዎችን ጨምረው ያዝዙታል፤ አንደኛው «ኖ ኢንዴክስ»፣ ሁለተኛው «ፋይንድ ሊንክስ» ይባላሉ።

መሟላት ያለበት ሁኔታ አንድ ነው፤ የሚያወርደው ኮምፒውተርና የሚጫንበት ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሥርዓት፣ አንድ ዓይነት የፓይተን ቨርዥንና አንድ ዓይነት ቢት ቢኖራቸው ይገባል። በ64 ቢት ዊንዶውስ በ3.12 የወረደ ፋይል በ32 ቢት ኮምፒውተር ላይ ላይጫን ይችላል። ስለዚህ ላብራቶሪ የሚያደራጅ መምህር በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ቨርዥን ብቻ እንዲኖር ከመጀመሪያው ቢወስን፣ አንድ ፍላሽ ለሁሉም ይበቃዋል። የቋንቋው ሙሉ መመሪያም ከፋውንዴሽኑ ድረ ገጽ በአንድ የተጨመቀ ፋይል ስለሚወርድ እሱንም አብረው ይዘው ይሂዱ፤ ኢንተርኔት የሌለው ተማሪ የሚጠይቀው መጽሐፍ ይኖረዋል።

በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የለኝም።

የዊንዶውስ መጫኛ ምርጫዎቹ እስካልተቀየሩ ድረስ ፓይተንን በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ብቻ ስለሚጭን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አያስፈልገውም። በመጀመሪያው መስኮት የአስተዳዳሪ ሥልጣንን የሚጠቅሰውን ሳጥን ብቻ ባዶ ያድርጉት። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሶፍትዌር መጫንን የሚከለክል ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቁ።

ፓይተን አማርኛ ይቀበላል?

ይቀበላል፤ ያውም ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ። ከ3.0 ጀምሮ የኮድ ፋይሎች በዩቲኤፍ-8 (የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት በሚይዝ የጽሑፍ ማስቀመጫ ስልት) ስለሚነበቡ በጥቅስ ምልክት መካከል አማርኛ መጻፍ ብቻ ሳይሆን ተለዋዋጮችንና ፈንክሽኖችን በግዕዝ ፊደል መሰየም ይቻላል። «ዋጋ» ወይም «ድምር» የተባለ ተለዋዋጭ ያለ ምንም ተጨማሪ ዝግጅት ይሠራል። የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ይቀራሉ፤ ነጠላ ሰረዝም የላቲኑ እንጂ «፣» አይሆንም። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይረው ሲጽፉ ሳይታወቅዎ የሚገባው የእኛ ሥርዓተ ነጥብ የአገባብ ስሕተት ያስነሣል።

ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ለፓይተን የተለያዩ ናቸው። «ሰላም» እና «ሠላም» ሁለት የተለያዩ ተለዋዋጮች ስለሆኑ በአንዱ ሰይሞ በሌላው የሚጠራ ሰው «ስሙ አልተገኘም» ይባላል። የአማርኛ ጽሑፍ የሚፈልግ ወይም የሚቆጥር ፕሮግራም የሚሠራም ሰው ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አስቀድሞ ወደ አንድ ማምጣት አለበት። የግዕዝ ቁጥሮችንም ቢሆን ፓይተን ቁጥርነታቸውን ቢያውቅም «፩» ወይም «፭» የሚለውን ጽሑፍ ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይር ሲሉት እምቢ ይላል፤ መቀየሪያውን ራስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል።

በዊንዶውስ ሁለት ነገሮች ያስቸግራሉ። በአሮጌው የትእዛዝ መስኮት አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ቢታይ ጽሑፉ አልተበላሸም፤ መስኮቱ የሚጠቀመው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው፤ በአይድል ውስጥ ሲያስኬዱት በትክክል ይታያል። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው፤ እስከ 3.14 ባሉት ቨርዥኖች ፓይተን የጽሑፍ ፋይል ሲከፍት በዊንዶውስ የተለመደውን አሮጌ ኢንኮዲንግ (የፊደላት ማስቀመጫ ስልት) ስለሚወስድ አማርኛ ሲጽፍ ስሕተት ያስነሣል፣ ሲያነብም ትርጉም የሌለው ምልክት ሊያመጣ ይችላል። ፋይል በሚከፍቱበት ትእዛዝ ሁሉ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ።

አዲስ ቨርዥን ሲወጣ አሮጌውን ማጥፋት አለብኝ?

የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ከተቀየረ፣ ለምሳሌ ከ3.12.4 ወደ 3.12.6 ከሆነ፣ አዲሱ መጫኛ በአሮጌው ቦታ ይተካል፤ የጫኗቸው ላይብረሪዎችም ይቆያሉ። መካከለኛው ቁጥር ከተቀየረ፣ ማለትም ከ3.12 ወደ 3.13 ከሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ላይብረሪዎቹንና የተለዩ አካባቢዎቹን ለአዲሱ እንደገና ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሥራዎችዎ በአዲሱ መሥራታቸውን እስኪያረጋግጡ ድረስ አሮጌውን ያቆዩት፤ ከዚያ በዊንዶውስ ፕሮግራም በሚጠፋበት በተለመደው መንገድ ማጥፋት ይችላሉ።